አይዩ «ባምፒዮንጂ» ላይ የምታንሾካሹከው ድምፅ አጥታ ነው?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ሌላ ቦታ ያነበብኩት አስተያየት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው። የኮሪያዋ ድምፃዊት አይዩ በ«ባምፒዮንጂ» ውስጥ አትዘፍንም፣ ታንሾካሹካለች፤ ድምፅ ያለው ሰው እንዲህ አይዘፍንም የሚል ነበር። ዘፈኑ የወጣው ማርች 24 ቀን 2017 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፤ ርዕሱ በእኛ የሌሊት ደብዳቤ ማለት ነው። በመክፈቻው የጻፍኩት በአጭሩ ይሄ ነው፦ ልጅቷ ጩኸት ካስፈለጋት ጩኸት አላት፤ «ጆእን ናል» በሚለው ዘፈኗ መጨረሻ ላይ በአንድ ትንፋሽ ሦስት ደረጃ እየወጣች አሳይታናለች። እዚህ ግን ሆን ብላ አስቀምጣዋለች፤ ለእኔ ደግሞ ይሄኛው ከዚያኛው የከበደ ነው። እናንተስ ምን ይሰማችኋል? ብዬ ጠየቅሁ። በአምስት ቀን 31 መልስ መጣ። የመጣውን በየተራው ልንገራችሁ።

መልስ 1 የጻፈችው ልጅ ከእኔ ጋር ናት። ዘፈኑ ከ«ፓሌት» አልበም ቀድሞ ለብቻው እንደተለቀቀ አስታውሳ፣ ያኔ ስትሰማው ምንም እንዳልመሰላት፣ የያዛት ግን ከወራት በኋላ ታክሲ ውስጥ እንደሆነ ነገረችን። ምክንያቱን አላወቀችውም። ልክ ጆሮዋ ሥር ሰው የሚያወራ መስሎ እንደተሰማት ከመጻፍ አላለፈችም።

መልስ 2 በጨዋ ደንብ ጀምሮ በቁጣ ጨረሰ። ሹክሹክታ ሹክሹክታ ነው፣ ጥሩ ማይክ ያለው ማንም ያደርገዋል ባይ ነው። ማይኩ ቢጠፋ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የሚሰማት ሰው እንደማይኖር፣ ይህን ችሎታ ማለት ደግሞ ለነጥላሁን ገሠሠ ስድብ እንደሆነ ጽፎ ወጣ።

መልስ 3 የክሩን ትልቅ ነገር ያመጡት ሰው ናቸው። መዘምራንን ድምፅ ያለማምዳሉ፤ በዕድሜም ጠና ያሉ ስለመሰሉን ከዚያ በኋላ የጻፈው ሁሉ አንቱ ብሏቸዋል። ያስረዱን እንዲህ ነው። ስንዘፍን ጉሮሯችን ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች በሴኮንድ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ እየተገናኙ ይለያያሉ። ጠበቅ ብለው ሲገጥሙ ድምፁ ጥርት ይላል፣ አየርም ይቆጠባል። ላላ ብለው መሃላቸው ክፍተት ሲተዉ ከድምፁ ጋር አየር ያመልጣል፤ ትንፋሽ ያለበት ድምፅ የምንለው ያ ነው። ያመለጠው አየር ደግሞ ስንኙ ሳያልቅ የሚተካበት መንገድ የለውም።

ከዚያ ለሁላችንም ልምምድ ሰጡን። አንዴ አየር ስቦ «አ»ን ጠበቅ አድርጎ እስኪያልቅ ድረስ መያዝና መቁጠር፤ ቀጥሎ በዚያው ልክ ስቦ ትንፋሽ እየለቀቁ ያንኑ «አ» መያዝ። ወጥ ቤት ቆሜ ሞከርኩት። በመጀመሪያው 19 ደረስኩ። በሁለተኛው 8 ላይ አለቀብኝ፤ ከማለቁ በፊት ደግሞ ድምፄ ወደ ታች ሲንሸራተት በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። የሳቸውም ነጥብ እዚያ ላይ ነው። አየር ሲመናመን ኖታው ይወርዳል። አይዩ በሚያፈስ ድምፅ ስንኙን ከዳር እስከ ዳር ይዛ ትሄዳለች፣ መጨረሻው ፊደል ላይ ስትደርስም ኖታው ከቦታው አልተነቃነቀም። ለዚህ የሚደክመው የጎድን አጥንት ዙሪያ ያለው ጡንቻ ነው አሉ፤ ደረት እንደተነፋ ይቆይና አየሩ በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቃል። ልጆቹን ይህን ለማስያዝ ዓመታት እንደሚፈጅባቸው፣ ጮክ ብሎ መዘመር ግን በወራት እንደሚመጣላቸው ጽፈዋል።

መልስ 4 እኔን ለማረም የመጣ ነው፣ ልክም ነበር። በመክፈቻው ላይ «ጆእን ናል» የ2011 ነው ብዬ ነበር፤ የወጣው በዲሴምበር 2010 ነው። የ«ባምፒዮንጂ»ንም ዜማ የሷ አድርጌው ነበር፤ የሷ ግጥሙ ነው፣ ዜማው የኪም ጄ ህዊና የኪም ሂ ዎን ነው። ሁለቱንም አስተካክያለሁ። ይኸው ሰው ሦስቱን ደረጃዎች በስማቸው ነገረን፦ ከፒያኖው መካከለኛ ዶ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብለው ያሉት ሚ፣ ፋ እና ፋ ሻርፕ ናቸው። አውታሮቿ በሴኮንድ ወደ 659 ጊዜ እየተርገበገቡ ይጀምሩና 698፣ ከዚያ 740 ይደርሳሉ፣ መሃል ላይ ትንፋሽ ሳይሳብ። በ15 ዓመቷ፣ በሴፕቴምበር 2008 ስትጀምር ይዛው የመጣችው «ሚያ» የሚባል ዘፈን ከባድ፣ ሙሉ ድምፅ የሚጠይቅ ባላድ (ዝግ ያለ የስሜት ዘፈን) እንደነበርም አክሏል። ይህን ሳነብ ነው ሐሳቤ የጠራልኝ። ዝግታው የመጣው ትልቁ ድምፅ ከታየ በኋላ ነው፤ መርጣ ነው ወደዚህ የገባችው።

መልስ 5 አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ ባለሙያ ነው፤ ለመልስ 2 በከፊል ፈረደለት። ማይክ ከአፍ በተጠጋ ቁጥር ወፍራሙን የድምፅ ክፍል ያጎላል፤ ለዚህ ነው ቀስ ብሎ የሚዘፍን ሰው ጆሮ ሥር ያለ የሚመስለው። ስለዚህ ማይኩ የመሣሪያዋ አካል ነው፣ መካድ አያስፈልግም አለ። ቀጥሎ ግን ወዲያ ማዶ ያለውን ነገረን። ማይኩ ድምፁን ሲያጎላ ስህተቱንም እኩል ያጎላል፦ የከንፈር መላቀቅ፣ የምራቅ ድምፅ፣ የተቆራረጠ ትንፋሽ፣ ከኖታው በፀጉር ታህል የራቀ ጅምር። ጮክ ብሎ የሚዘፍን ሰው ላይ እነዚህ ይሸፈናሉ። አንድ ጊዜ ጉልበታም ድምፅ ያለውን ዘፋኝ የመጀመሪያውን ቤት በለሆሳስ በለው ብሎት፣ አራት ስንኝ ለመቅዳት ከሰዓት በኋላው ሙሉ እንዳለቀና በመጨረሻ ወደ ጩኸቱ እንደተመለሱ አጫወተን። የ«ባምፒዮንጂ»ን ሥራ የሚያደንቅበት ሌላም ነገር አለው። ትንፋሽ ስትስብ የሚሰማው ድምፅ ተቆርጦ አልተጣለም፤ እንደ ግጥሙ አንድ ክፍል ሆኖ ተቀምጧል።

መልስ 6 በኮሪያ የታወቀውን አባባል ይዞ መጣ። ድምፃዊና ፕሮዲዩሰር ፓርክ ጂን ዮንግ፣ በ2011 መጨረሻ በኤስቢኤስ ቴሌቪዥን በጀመረው «ኬ-ፖፕ ስታር» ውድድር ላይ ዳኛ ሆኖ ተወዳዳሪዎቹን ግማሽ አየር፣ ግማሽ ድምፅ እያለ ይመክር ነበር። መልስ ሰጪው አይዩ የዚህ ምክር ምሳሌ ናት ብሎ ደመደመ። መልስ 7 አልተስማማም፣ እኔም ከሱ ጋር ነኝ። ግማሽ በግማሽ የሚባል ቋሚ ልክ ዘፈኑ ውስጥ የለም። የመጀመሪያዎቹ ስንኞች ላይ አየሩ ይበዛል፤ አዝማቹ ላይ ዜማው ከፍ ሲል ድምፁ ጠበብ ይልና አየሩ ይቀንሳል፤ ጫፍ ላይ ደርሳ ከደረት ድምፅ ወደ ራስ ድምፅ፣ ጭንቅላት ውስጥ የሚያስተጋባ ወደሚመስለው ቀጭን ድምፅ፣ ስታልፍ መገጣጠሚያው አይታወቅም። እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ድምፁ ይሰበራል ወይም እንደ በር ሲጢጥ ይላል። መልስ 7 ይህን ለማወቅ ስንት ጊዜ መልሶ እንደሰማው ባይናገርም፣ ደጋግሞ እንደሰማው ከአጻጻፉ ያስታውቃል።

መልስ 8 ሴኡል የሚማር ኢትዮጵያዊ ነው። ከሁሉም በላይ የተማርኩት ከሱ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። የኮሪያ ቋንቋ እኛ ሳድስ የምንለውን የሚመስል አናባቢ አለው፤ «እ» ስንል አፋችን የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጭንቅ ነው፣ ለእኛ ግን የእናት ቤት ነው። በሳድስ ረጅም ኖታ መያዝ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። አፍ አይከፈትም፣ ድምፁም ጉሮሮ ውስጥ መታፈን ይፈልጋል። አይዩ ግን አናባቢውን ወደ «አ» ሳታጠጋው፣ እንዳለ ትይዘዋለች።

ቀጥሎ ወደ ፊደሎቹ መዝጊያ ሄደ። ዘፈኑ መጀመሪያ ላይ ሌሊት ማለት የሆነው «ባም» አለ፣ ቀጥሎ የእሳት እራት ሳይሆን ያቺ በጨለማ የምታበራው ጥንዚዛ፣ በነሱ «ባንዲትቡል»። «ባም» የሚዘጋው በከንፈር ነው። ስለዚህ ኖታው ከተያዘ «ም» ላይ ሆኖ በአፍንጫ ማለፍ አለበት። በ«ባንዲትቡል» መሃል ያለው መዝጊያ ደግሞ ምላስ ገጥሞ የሚቀርበት፣ የማይፈነዳ ድምፅ ነው። እኛ «ጠ» እና «ጰ» ስንል እናፈነዳለን፤ እነሱ ያጠብቁታል እንጂ አያፈነዱትም። በዚያች ቅጽበት አየሩ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ያለ ምንም ግፊት ይቀጥላል። ትንፋሽ እያፈሰሰ የሚዘፍን ሰው አየሩን በድንገት ሲያቆም ሲከፍተው ፈንድቶ ማይኩን ይመታዋል ተብሎ ይጠበቃል። እሷ ላይ ይህ የለም። ቃሉ ልክ እንደ ጥንዚዛዋ ብርሃን ጠፋ ብሎ እንደገና ይበራል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ አሥር ጊዜ መልሼ ሰማኋት።

መልስ 9 ዲያቆን ነው፤ እኛ ለዚህ ነገር ቃል አጥተን ወደ ፈረንጅ መሄዳችን ገርሞታል። በዜማ ምልክቶቻችን ውስጥ ድምፅ ወደ ታች ሲደፋ ድፋት፣ ከደረት ሲወጣ ደረት፣ ሲቆረጥ ቁርጥ፣ ሲንቀጠቀጥ ርክርክ እንደሚባል አስታወሰን፤ የአይዩ ስንኞች ብዙውን ጊዜ በድፋት እንደሚያርፉ፣ ርክርክ ግን እንደማትወድ፣ ኖታውን ቀጥ አድርጋ ይዛ መጨረሻው ላይ ብቻ ትንሽ እንደምታወዛውዘው ጻፈ። ስለ መጨረሻው ማወዛወዝ ያለው በጣም እውነት ነው። መልስ 10 ተቆጣ። የቅዱስ ያሬድን ምልክት ለዘፈን መለኪያ ማድረግ ድፍረት ነው አለ፣ ዲያቆኑንም ገሠጸው። መልስ 11 ራሱ ዲያቆኑ ነበር፤ ይቅርታ ጠይቆ፣ ቅድስናን ከዘፈን ጋር እንዳላስተካከለ፣ ጆሮው የተማረው በዚያ ስለሆነ የሚሰማውን በተማረው ቃል እንደተናገረ በትሕትና መለሰ። ነገሩ እዚያ በረደ።

ግን ብዙም አልቆየም። መልስ 12 አስናቀች ወርቁንና ብዙነሽ በቀለን ትተን የባዕድ ልጅ ትንፋሽ እንቆጥራለን ብሎ ሁላችንንም ሰደበ። መልስ 13 የባሰ ስድብ መለሰችለት፤ እዚህ አልደግመውም። እኔ የምለው አለኝ። አስናቀች በክራሯ ትዝታ ስትጫወት አትጮህም፤ ቀስ ብሎ የሚዘፈን ዘፈን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መጀመሪያ ያሳየችን እሷ ናት። አይዩን ለማድነቅ እሷን መተው አያስፈልግም፤ እንዲያውም እሷን የሰማ ጆሮ ነው «ባምፒዮንጂ»ን በቶሎ የሚለየው። መልስ 14 ከዚህ ተነስቶ ዜማውም ትዝታ ነው አለ፤ ያ እንኳ አይደለም። ትዝታ በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው፤ ይህ ዘፈን በሰባቱ ኖታ የተሠራ ነው።

ከ15 እስከ 19 ክሩ ከመንገድ ወጣ። አንዱ አያቱ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው እንደነበር ጻፈ። ሌላዋ ቹንቾን ከተማ ስላለው የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ፣ እዚያው አጠገብ ከ1968 ጀምሮ ስላለውና በአገራችን ስም ስለሚጠራው ቡና ቤት አነሳች። ስለ ቡናው ጣዕም ክርክር ተጀመረ። ወደ ጉዳዩ እንመለስ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ሆኖም የባለ አያቱን ጽሑፍ መጨረሻ ሳነብ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አያቱ ከዘመቻው ይዘው የተመለሱት አንድ የኮሪያ ዜማ ነበር፤ ቃሉን ረስተውት እስከ ዕለተ ሞታቸው አፋቸውን ገጥመው ያንጎራጉሩት ነበር ይላል።

መልስ 20 ከጂዳ ነው። እህታችን ሰው ቤት ትሠራለች። የምታዳምጠው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ ነው፤ ሌላው ጆሮ ብትጠራ እንዲሰማ ክፍት መሆን አለበት። የስልኳን ድምፅ የመጨረሻው ዝቅታ ላይ ታደርገዋለች። በዚያ ልክ ትልልቆቹ ዘፈኖች ከበሮው ብቻ ተሰምቶ ቃሉ እንደሚጠፋ፣ «ባምፒዮንጂ» ግን ትንፋሹ ሳይቀር እንደሚደርሳት ጻፈች። ኮሪያኛ አታውቅም፤ ስለ ምን እንደሚዘፈን ጠየቀች። መልስ 21 ሴኡል ያለው ልጅ ነገራት፦ ዘፋኟ እንቅልፍ የምታጣ ሴት ናት፤ ለራሷ እንቅልፍ እምቢ ባላት ሌሊት ለሌላው ደህና እደሩ ብሎ መመኘት ትልቁ የፍቅር ቃል ነው ብላ የጻፈችው ነው። እህታችን ለዚህ የመለሰችው የለም። የልብ ምልክት ብቻ አስቀምጣለች።

መልስ 22 ይህ ሁሉ በኮምፒውተር የተስተካከለ ነው አለ። ሦስት ሰው ተነሳበት፤ ሁለቱ ስሜት እንጂ ማስረጃ አልነበራቸውም፣ ልለፋቸው። መልስ 25 ግን ቁም ነገር ነበረው። ስለ አይዩ ጆሮ ነው የጻፈው። የመሃል ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ መዘጋት ሲገባው ክፍት የሚቀርበት ሕመም አለባት፤ የዚህ ሕመም ሰው የገዛ ድምፁና የገዛ ትንፋሹ ጆሮው ውስጥ ጮኾ ይሰማዋል። በሴፕቴምበር 2022 በጃምሲል ኦሊምፒክ ስታዲየም ሁለት ቀን ስትዘፍን፣ በዚያ ሜዳ ለብቻዋ ኮንሰርት ያደረገች የመጀመሪያዋ ኮሪያዊት ድምፃዊት ሆና፣ ጆሮዋ ዓመት ያህል እንዳስቸገራት ለታዳሚው ተናግራለች። ሥራዋ ሁሉ ትንፋሽ የሆነ ሰው፣ ያው ትንፋሽ ሲጮህባት አስቡት። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ስለ ችሎታዋ ሳወራ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

መልስ 26 ያንኑ ኮንሰርት ይዞ አንድ ነገር ጨመረ። «ጆእን ናል»ን ከዚያ በኋላ በኮንሰርቶቿ ዝርዝር ውስጥ ማግኘት አስቸጋሪ እንደሚሆን ለታዳሚዎቿ ያሳወቀችው እዚያ ነው።

መልስ 28 ላይ የመጀመሪያው ተቃዋሚ፣ መልስ 2 የጻፈው ወንድማችን ተመለሰ። የመልስ 3ን ልምምድ ሞክሯል። ስንት እንደቆጠረ አልነገረንም። ሹክሹክታ ማለቱን ተወ፤ ጣዕሙ ግን አልተለወጠም፣ ዛሬም ሆድ የሚያናውጥ ድምፅ ይመርጣል። መልስ 3 የጻፉት አባት ጣዕም መብቱ ነው ብለው በደስታ ተቀበሉት።

የመጨረሻው፣ መልስ 31፣ ደግሞ የሴኡሉ ልጅ ነው። ሁላችንም ያለፍነውን ቦታ አሳየን። ዘፈኑ ውስጥ ሦስት ጊዜ አፏን ገጥማ «እም» ትላለች። በጽሑፉም ላይ ያለው ያው እኛ የምንለው «እም» ነው፣ ያው ሳድስ፣ ያው «ም»። የመጀመሪያው ይህ ሁሉ እወድሃለሁ ማለቴ ነው ከማለቷ በፊት ነው። የመጨረሻው መልካም ሕልም ከመመኘቷ በፊት፣ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ነው። ከዚህ ከመጨረሻው ቀጥሎ የሚመጣው ቃል «ጆእን» ነው፤ መልካም ማለት። «ጆእን ናል»፣ መልካም ቀን፣ በሚለው ርዕስ ላይ ያለው ያው ቃል።

ማታ መብራት አጥፍቼ፣ እንደ ጂዳዋ እህታችን በአንድ ጆሮ፣ የስልኩን ድምፅ መጨረሻ ዝቅ አድርጌ ሰማሁት። «እም» ትላለች። ከንፈሯ ሲላቀቅ ይሰማል። ከዚያ «ጆእን»፣ ከትንፋሽ ብዙም ያልበለጠ፣ ኖታው ላይ።